በግራዋ የታጠቡት ጠርሙሶች

«አልሄድም አልኩህ እኮ። ስንት ጊዜ ልንገርህ?»

«እግርሽ አብጧል፣ እማዬ።»

«ብዙ ስለቆምኩ ነው።»

«ትናንት ሙሉ ቀን ተቀምጠሽ ነው የዋልሽው።»

«ስለተቀመጥኩ ነዋ።»

እናቴ ክርክር ላይ እንዲህ ናት። በአንዱ በር ስትገባባት በሌላው ወጥታ ትጠብቅሃለች። ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ፣ እኔ ቦርሳዬን አንግቼ ለሥራ ልወጣ ስል፣ እሷ ቀኝ እግሯን በርጩማ ላይ ሰቅላ፣ ጠዋታችንን በዚህ ክርክር መጀመር ከለመድን ሳምንት ሆኖናል። ከቁርጭምጭሚቷ ከፍ ብሎ የወጣው ቁስል መጀመሪያ የሽምብራ ፍሬ ያህል ነበር። አሁን በጨርቅ ተጠቅልሏል፤ ጨርቁ ሲፈታ ከሥሩ የጠቆረ፣ የተጨማደደ ቅጠል ይወጣል። በረንዳችን ላይ በተቆረጠ ጀሪካን ውስጥ የተከለችው የግራዋ ቅጠል ነው።

ስኳር እንዳለባት ከተነገራት ሁለት ዓመት አልፏል። ለዚህ ቁስል አንድ ቀን ጤና ጣቢያ ሄዳ፣ ታጥቦላት፣ ክኒን ተሰጥቷት፣ «በሦስተኛው ቀን ተመለሺ» ተብላ ነበር። አልተመለሰችም። ነርሷ ያለችውን ግን እኔም አጠገቧ ቆሜ ሰምቻለሁ። ስኳር ያለበት ሰው የእግር ቁስሉን ችላ ካለ፣ ነገሩ እግሩን እስከማሳጣት ሊደርስ ይችላል።

«ቅጠሉ ይበቃዋል» አለች እናቴ።

«አይበቃውም።»

«የነገርከኝ አንተ አይደለህም እንዴ? ‘ያንቺ ቅጠል ጀርሙን ዝም ያሰኘዋል’ ያልከኝ ማን ነው? ከዚያች ከስልጤዋ ልጅ ጋር አገር ስታምሱ የነበረው በምንድን ነው? በጎመን ነው?»

የነገርኳት እኔ ነኝ። አንድ ጊዜ ብቻም አይደለም። ሠርግ ቤትም፣ ለቅሶ ቤትም፣ ወሬ ባለቀበት ቦታ ሁሉ አውርቼዋለሁ፤ እሷም ከእኔ ሰምታ ለሰፈሩ አዳርሳዋለች። ታሪኩ ውሸት የለበትም። ግን አስራ አምስት ዓመት ሙሉ ግማሹ ላይ እያቆምኩ ነው የተናገርኩት። ግጥም የሚሞክር ሰው አንድ መጥፎ ልማድ አለው፤ ነገሩ ያማረበት ቦታ ላይ ሲደርስ ብዕሩን ያስቀምጣል።

ቦርሳዬን አውርጄ አጠገቧ ተቀመጥኩ።

«እንግዲያው ዛሬ እስከ መጨረሻው ልንገርሽ» አልኳት።

«የማላውቀው አለ እንዴ?»

«አለ።»

ያኔ ሃያ ዓመቴ ነበር። የአስራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና አልሆነልኝም፤ እኔም ማንንም ሳላስፈቅድ ራሴን ገጣሚ አድርጌ ሾሜ ነበር። አንድ ቦታ ረግቼ መቀመጥ አልችልም። መንገድ ላይ እየሄድኩ እጽፋለሁ፤ ታክሲ ውስጥ ቆሜ እጽፋለሁ። የምንኖረው አቃቂ በሰቃ፣ ብረት በያጆችና ጎማ ጠጋኞች ከጠዋት እስከ ማታ በሚያንኳኩበት መንደር ነው። እናቴ ጠላ እየጠመቀች ለነሱ ትሸጣለች። በግቢያችን ጥግ ግንዱ የተጠማዘዘ አንድ ግራዋ ነበር። እሷ «ኤቢቻ» ነው የምትለው፤ የተወለደችው ይሄ ኮንዶሚኒየም ከመሠራቱ በፊት እዚሁ ኮዬ አካባቢ ከነበሩት የገበሬ መንደሮች በአንዱ ስለሆነ፣ ብዙ ነገር በኦሮምኛ ስሙ ትጠራለች። ዛፉንም ከአባቷ ደጅ ቅርንጫፍ ቆርጣ አምጥታ ነው የተከለችው።

ሥራዬ ጠርሙስ ማጠብ ነበር። ከቃሊቲ መናኸሪያ ወረድ ብሎ፣ በአንድ ጋራዥና በአንድ የእህል መጋዘን መካከል የተሸጎጠ ትንሽ ላቦራቶሪ ነበር፤ የፋብሪካዎችን ውሃና ምግብ ይመረምራል። ኃላፊው ጋሽ ታምሩ የጠርሙስን ንጽሕና የሚያረጋግጡት በአፍንጫቸው ነው። «ንጹሕ ጠርሙስ ምንም አይሸትም፤ ሳሙናም ቢሆን አይሸትም» ይላሉ፣ አንድ በአንድ እያሸተቱ። ከማጠቢያው በላይ ሕጋቸው በትልልቅ ፊደል ተለጥፏል። በሳሙና አንድ ጊዜ፣ በቧንቧ ውሃ ሰባት ጊዜ፣ በተጣራ ውሃ ሁለት ጊዜ። ከእኔ በፊት ያጥብ የነበረውን ሰው ያባረሩት ሰባቱን አምስት ሲያደርግ ስላገኙት ነው። እኔ እየቆጠርኩ እገጥም ነበር። ሰባት ቃል ያለው ስንኝ የለመድኩት እዚያ ማጠቢያ ላይ ነው።

ሰዓዳ የመጣችው ክረምቱ ሲወጣ ነው። አባቷ አቃቂ ገበያ ውስጥ ጨው፣ ክርና ባትሪ የሚሸጡ የስልጤ ሰው ናቸው። እሷ ሦስተኛ ዲግሪዋን እየተማረች ነበር፤ ላቦራቶሪው ለቤቷ ስለሚቀርብ ጋሽ ታምሩ አንድ ጠረጴዛና አንድ የሙቀት ሳጥን ለቀቁላት። የመጀመሪያ ቀን «እርስዎ ምን ያስፈልግዎታል?» ብዬ ብቀርባት ሳቀችብኝ።

«አንቱ እያልክ ከምታስረጀኝ ጠርሙስ ብታቀብለኝ ይሻላል» አለችኝ። «ብበልጥህ ስድስት ዓመት ነው።»

የምትፈልገው ነገር ቶሎ አልገባኝም። ባክቴሪያ የሚገድል ተክል የምትፈልግ መስሎኝ ነበር። አንድ ቀን ከሥራ ወጥተን፣ መናኸሪያው ጋ ሚኒባስ ውስጥ ተቀምጠን እስኪሞላ ስንጠብቅ ጠየቅኳት።

«መግደሉንማ ብዙ ሰው ይሞክረዋል» አለች። «ችግሩ ከሞት የተረፉት መድኃኒቱን እየለመዱት መሄዳቸው ነው። እኔ የምፈልገው ወሬያቸውን የሚያቋርጥ ነገር ነው።»

«ባክቴሪያ ያወራል እንዴ?»

«በአፍ አይደለም፣ በኬሚካል ነው። እያንዳንዱ ከራሱ ትንሽ ትንሽ ይለቃል። ጥቂት ሲሆኑ የለቀቁት ተበትኖ ይጠፋል። ሲበዙ ግን ይጠራቀማል፤ ያን ጊዜ ‘በቅተናል’ ማለት ነው። ብዙዎቹ መርዛቸውን የሚያወጡት ያኔ ነው። እስከዚያ ጨዋ ሆነው ይቀመጣሉ።» በአገጯ ወደ ወያላው ጠቆመችኝ። «ይሄን ታክሲ እየው። አንድ ሰው ብቻ ይዞ ይነሳል?»

«አይነሳም። ገና ሦስት ሰው ይቀረዋል።»

«ወያላው ስንት ሰው እንደገባ ማወቅ ቢያቅተውስ?»

«እዚሁ እንደተገተርን እንቀራለን።»

«እኔ የምፈልገው እሱን ነው። ወያላውን የሚያደናግር ቅጠል።»

ወያላው ሰምቷት ኖሮ በመስኮት አንገቱን አስገባ። «እህት፣ እኔን ለማደናገር ቅጠል አያስፈልግም፤ ዝርዝር ሳይኖርሽ መቶ ብር ስጪኝ።» ታክሲው ውስጥ ያለው ሁሉ ሳቀ። እኔ ግን ነገሩ ገብቶኝ ነበር፤ የገባኝ ነገር ደግሞ ያስቀናኛል። ይህቺ ሴት እኔ በግጥም የምፈልገውን ነገር በጠርሙስ ትፈልገዋለች ብዬ አሰብኩ። የሃያ ዓመት ልጅ እንዲህ ያለውን ነገር ሳያፍር ያስባል።

ለሥራዋ የምትጠቀምበት ባክቴሪያ አንድ ጥሩ ጠባይ ነበረው። ብዛቱ መብቃቱን ሲያውቅ ሐምራዊ ቀለም ያወጣል። ዛሬ እንደ ቀጭን ሾርባ የነበረው ጠርሙስ በማግስቱ ቀይ ሥር የተቀቀለበት ውሃ ይመስላል። ወሬያቸው ከተቋረጠ ግን ባክቴሪያዎቹ በሕይወት እያሉ ቀለሙ አይወጣም። ሰዓዳ ከየገበያው የገዛችውን ቅጠልና ሥር ጭማቂ እያወጣች ትጨምርበታለች። አንዳንዱ ባክቴሪያውን ጭራሽ ይገድለዋል፤ አንዳንዱ ደግሞ ምንም ሳያደርገው ጠርሙሱ እንደወትሮው ሐምራዊ ሆኖ ያድራል። ሁለት ወር እንዲህ ሄደ። መምህሯ እስከ ጥር አንድ ነገር ካላሳየች ርዕሷን እንድትለውጥ ነግረዋታል፤ ርዕሱን መለወጥ ማለት ደግሞ ሁለት ዓመት የደከመችበትን ጥላ ከዜሮ መጀመር ነው።

ኅዳር ገባ። የእሸት ጊዜ ነው። ከቱሉ ዲምቱ እስከ ቃሊቲ ባለው መንገድ ዳር ሴቶች የሽምብራ እሸት በእቅፍ በእቅፍ እያሰሩ ይሸጣሉ፤ ጥቁሩ መሬት መሰንጠቅ ጀምሯል፤ ገልባጭ መኪና ባለፈ ቁጥር አቧራው እሸቱ ላይ ያርፋል፤ ሻጮቹ ውሃ ያርከፈክፉበታል። በዚያ ሳምንት እኛ ጋ ግን የሚርከፈከፍ ውሃ አልነበረም። ቧንቧው ከደረቀ ሦስተኛ ቀኑ ነው። ጋሽ ታምሩ ለዘመድ ለቅሶ ክፍለ ሀገር ሄደዋል። ሰዓዳ ደግሞ «ለነገ ሠላሳ ንጹሕ ጠርሙስ፣ አደራ» ብላ በወረቀት ጽፋ ማጠቢያው ላይ አስቀምጣልኛለች። ያለኝ አንድ ጀሪካን ውሃ ነው። በሳሙና ባጥባቸው ማለቅለቂያ የለኝም። አላጠብኩም ብላት ደግሞ ከጥቂት ቀኖቿ አንዱን እበላባታለሁ።

በምሳ ሰዓት ወደ ቤት ሮጥኩና ግራዋ ቆርጬ መጣሁ።

እናቴ ጋን ስታጥብ እያየሁ ነው ያደግኩት። ቅጠሉ በመዳፍ ይታሻል፤ አረንጓዴ አረፋ ሲያወጣ ጥቂት ውሃ ይጨመርበታል፤ የጋኑ ሆድ በሱ ይፈተጋል። ከዚያ አዲስ ቅጠል ይታሽና የመጨረሻው ውሃ ይዘጋጃል፤ ጋኑ በሱ ተወዝውዞ ይደፋል፤ እንደተደፋ ይደርቃል። በባዶ ውሃ ዳግመኛ አይነካም። «ከኤቢቻ በኋላ ውሃ ያስነካ ሰው ጋኑን መልሶ አቆሸሸው» ትላለች። እኔም ሠላሳውን ጠርሙስ ልክ እንደ ሠላሳ ትናንሽ ጋኖች አጠብኳቸው። ቅሪቱን በውሃ አላነሳሁትም። ደርቀው ሳያቸው በመስኮቱ በኩል የገባው ብርሃን ውስጣቸው ይጫወታል፤ እንዲያ አብረቅርቀው አያውቁም። ኮራሁ። ስለነሱ ሁለት ስንኝም ጻፍኩ።

ሰዓዳ የባክቴሪያዎቹን ምግብ ሞላችባቸው፣ በእንፋሎት ቀቀለቻቸው፣ ባክቴሪያውን ጨምራ የሙቀት ሳጥኗ ውስጥ ከተተቻቸው። ከሁለት ቀን በኋላ፣ ሰኞ ጠዋት፣ ሳጥኑን ስትከፍት ሠላሳውም ጠርሙስ ነጭ ነበር። ምንም የቅጠል ጭማቂ ያልጨመረችባቸው፣ ለማወዳደሪያ ያስቀመጠቻቸው እንኳ ሐምራዊ አልሆኑም።

በርጩማዋ ላይ ቁጭ አለች።

«ባክቴሪያው ተበላሽቶብኛል» አለች። «ዘሩ ራሱ ቀለም ማውጣት ትቷል። ሁሉንም አቃጥዬ ዛሬ ከሰዓት ለመምህሬ እደውላለሁ። በቃኝ።»

እኔ ያን ጠዋትም ውሃው ስላልመጣ በግራዋ ሌላ ዙር ጠርሙስ እያጠብኩ ነበር። እጄ ማጠቢያው ውስጥ ቆመ። ምን እንደተፈጠረ በትክክል ባላውቅም፣ ያቺን የመጨረሻ ማለቅለቅ የዘለልኩት እኔ ብቻ መሆኔን አውቃለሁ። ብናገር ጋሽ ታምሩ እንደተመለሱ ያባርሩኛል። ባልናገር እሷ ከሰዓት ትደውላለች። ሁለት ሰዓት ያህል ይሄን ሳወጣና ሳወርድ አረፈድኩ። ስለ ድፍረት ደጋግሞ ለሚጽፍ ሰው ሁለት ሰዓት ብዙ ነው።

በምሳ ሰዓት ከደጃፉ ድንጋይ ላይ ተቀመጥን። እሸት ገዝቼ ነበር። እሷ ምሳዋን አልከፈተችም፤ የሚያልፉትን መኪናዎች ታያለች። ሽምብራውን እየፈለፈልኩ በመዳፏ አስቀመጥኩላት። ሁለት ሦስት ፍሬ ሳታስበው ወደ አፏ ጣለች። ወዲያው ፊቷ ተኮማተረ።

«ምንድን ነው ይሄ? ሬት ነክተሃል እንዴ?»

«ግራዋ ነው።»

«ግራዋ ከየት መጣ?»

«ጠርሙሶቹን ያጠብኩበት ነው።»

ማኘኳን አቆመች። «የትኞቹን ጠርሙሶች?»

«የእርስዎን።»

«አሁን ነው ‘እርስዎ’ ያልከኝ?»

ሁሉንም ነገርኳት። ውሃውን፣ ጀሪካኑን፣ ጋኑን፣ ያላለቀለቅኩትን። ተነስታ ገባች፤ እኔም ተከተልኳት። ከነጮቹ ጠርሙሶች አንዱን አንስታ ወደ መስኮቱ ብርሃን ያዘችው።

«ገድለሃቸዋል» አለች። «በቅጠል መርዝ ገድለሃቸዋል። ሠላሳ ጠርሙስ።»

ጠርሙሱን ከኋላዋ ሆኜ አየሁት። ያን ጊዜ ያየሁትን ለማየት ዲግሪ አያስፈልግም፤ የጠላ ቤት ልጅ መሆን ይበቃል።

«አልሞቱም» አልኳት።

«አንተ ምን ታውቃለህ?»

«ጉሽ ነው። ጠላ ሲሞት ይጠልላል፣ ጥርት ይላል። ጉሽ ከሆነ ገና እየሠራ ነው። ይሄ ጉሽ ነው፤ ውስጡ የሚሠራ ነገር አለ።»

ዞር ብላ አየችኝ። ከዚያ ጠርሙሱን አየችው። ደፍርሷል፤ ወተት የነካው ውሃ ይመስላል። ቢሞቱ ኖሮ ምግቡ እንደተሞላ ጥርት ብሎ ይቀር እንደነበር እሷ ከእኔ በላይ ታውቃለች፤ ቀለሙን ብቻ ስትፈልግ ድፍርሱን አላየችውም። አንድ ጠብታ ወስዳ ማይክሮስኮፕ ሥር አስቀመጠች፤ ጎንበስ አለች። እንደዚያ ጎንበስ እንዳለች ቆየች።

«ሰዓዳ?»

«ሞልተዋል» አለች። «ታክሲው ጢም ብሎ ሞልቷል፣ ደሬ። ግን አልተነሳም።» ከዚያ ቀና ሳትል፣ «ቅጠል አምጣልኝ። ከዚያው ዛፍ» አለችኝ።

በማግስቱ እሷ ራሷ ቤታችን መጣች፤ አጠባጠቡን በዓይኗ ማየት ፈልጋ። እናቴ ከዩኒቨርሲቲ እንግዳ እንደሚመጣ ስነግራት ግቢውን ሁለት ጊዜ ጠርጋ ነበር።

«ጠላ ልቅዳልሽ፣ ልጄ?»

«ሙስሊም ነኝ፣ እማማ። ጋኑን ብቻ ያሳዩኝ።»

«ጋኑ ባዶ ነው፤ እሱን ብታይው የሚቆጣሽ የለም» አለች እናቴና ቅጠሉን በመዳፏ አሸችው። ሰዓዳ ስንት ቅጠል፣ ስንት ውሃ፣ ለምን ያህል ጊዜ እያለች በደብተር ትጽፋለች። እናቴ «ለጋውን ተይው፣ እሱ ገና ልጅ ነው፤ ከመሃል ያለውን ቁረጪ» ስትላት እሱንም ጻፈች። እናቴ በሕይወቷ የተናገረችውን ነገር ሰው ደብተር ላይ ሲያሰፍረው ያየችው ያን ቀን ነው። ሰዓዳ ከሄደች በኋላ ጋኑን ያለ ምክንያት እንደገና አጠበችው።

ውሃው ሲመጣ ሙከራው በደንቡ ተደገመ። ጠርሙሶቹ በጋሽ ታምሩ ሕግ ታጠቡ፤ የቅጠሉ ጭማቂ ተለክቶ ተጨመረ። ሰዓዳ ክዳን ባላት ጠፍጣፋ የመስታወት ሳህን ላይ ባክቴሪያውን ዘርታ፣ ጭማቂ የነካ ክብ ወረቀት መሃል ላይ አስቀመጠች። ጠዋት ስንከፍተው ሳህኑ ሙሉ ሐምራዊ ነበር፤ በወረቀቱ ዙሪያ ግን ነጭ ቀለበት አለ። ቀለበቱ ባዶ አልነበረም። ባክቴሪያዎቹ እዚያም እንደ ሌላው ቦታ በቅለዋል፤ ግን ዝም ብለዋል። ሰዓዳ ለመምህሯ ደወለች፤ ርዕሷን እንደማትለውጥ ስትነግራቸው ሰማሁ። ጋሽ ታምሩ ከለቅሶ ተመልሰው ነገሩን ሲሰሙ ግማሽ ሰዓት ተቆጡ፣ ግን አላባረሩኝም። ከሕጋቸው ሥር አንድ መስመር ብቻ ጨመሩ። «ግራዋ ክልክል ነው።»

ሁልጊዜ የማቆመው እዚህ ላይ ነው። ሰው ይስቃል፣ እናቴ ፊቷ ይበራል፣ እኔም ዝም እላለሁ። በዚያ ጠዋት ግን ቀጠልኩ።

«ቀለበቱ አልቆየም፣ እማዬ» አልኳት። «ሳህኑን ሳንጥለው ሙቀቱ ውስጥ ትተነው ነበር። በሦስተኛው ቀን ሐምራዊው ከዳር እየገፋ ገባ፣ ቀለበቱም ጠበበ፣ በኋላ ጠፋ። የቅጠሉ ጉልበት ሲያልቅ እንደገና ማውራት ጀመሩ።»

እናቴ ትንሽ አሰበች። «እንግዲያ በየሁለት ቀኑ መለወጥ ነዋ። ዋናው ቶሎ ቶሎ መለወጡ ነው።»

እንዲህ እንደምትለኝ መገመት ነበረብኝ። የቀረኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። ለማንም ነግሬው አላውቅም።

«የዚያን ሳምንት ሰዓዳ ጠርሙስ ተሰብሮባት መዳፏን ቆረጣት» አልኩ። «ደሙ ቆመ፤ በማግስቱ ግን አበጠ፣ ቀላ። እኔ ሮጥኩና ከጠረጴዛዋ ላይ ያንን ቅጠል አመጣሁላት። አሽቼ ላደርግላት ስል እጇን ሰበሰበች።»

«ምን አለችህ?»

«‘እኔ ይሄን ቅጠል የማውቀው ሳህን ውስጥ ነው፤ እጄ ውስጥ አላውቀውም’ አለችኝ። ‘ሳህኑ ሥጋ የለውም፣ ደም የለውም፣ ሌላ ዓይነት ባክቴሪያም የለበትም። እነሱ ዝም ቢሉ እንኳ ወጥተው አልሄዱም፤ የሚያስወጣቸው ያስፈልጋል’ አለች። ቦርሳዋን አንስታ ጤና ጣቢያ ሄደች።»

እናቴ እግሯን ከበርጩማው አወረደች። «ማን? እሷ ራሷ?»

«እሷ ራሷ።»

«ቅጠሉ ፊቷ እያለ?»

«እኔ በእጄ ይዤው ቆሜ።»

ጎንበስ ብላ ጨርቁን መፍታት ጀመረች። የጠቆረውን ቅጠል አንስታ፣ አገላብጣ አየችውና ጨርቁ ላይ አስቀመጠችው። ከሥሩ ያለው ቁስል ከትናንት በስቲያ ካየሁት ሰፍቷል።

«አስራ አምስት ዓመት ሙሉ ይሄን ዋጥከው» አለች።

«ደስ ብሎሽ ስለነበር ነው።»

«ደስ እንዲለኝ ብለህ እግሬን ልታስቆርጠኝ።»

አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። ለምን እንደዋጥኩት ላስረዳት ሞከርኩ። ዕድሜዋን ሁሉ «ጠላ ሻጯ» ስትባል የኖረች ሴት፣ አንድ ቀን ከመዳፏ የወጣ ነገር ደብተር ላይ ሲገባ አይቻለሁ። ያንን መልሼ ማሳነስ አቃተኝ። አሁን ሳስበው ግን እውነቱ ነገሩን የሚያሳንስ አልነበረም። ጠላትን ለጥቂት ቀን ዝም ማሰኘት ትንሽ ነገር አይደለም፤ ሰውነት ትንፋሽ የሚሰበስብበት፣ መድኃኒቱም ሥራውን የሚሠራበት ጊዜ ይገኛል። ሰዓዳ ዛሬ የራሷ ተማሪዎች አሏት፤ በዓል ሲደርስ ስትደውል አሁንም ከቅጠሎች ጋር እንደሆነች ትነግረኛለች። ከግራዋው ውስጥ የትኛው ነገር እንደሚያደናግራቸው ለይተው፣ ሰውን የማይጎዳ መሆኑን አረጋግጠው፣ ከአንቲባዮቲክ ጎን የሚቆም መድኃኒት የሚያደርጉት ሰዎች አንድ ቀን ይመጣሉ ብዬ አምናለሁ። ምናልባትም ዛሬ በአንዱ ላቦራቶሪ ጠርሙስ የሚያጥብ አለ። እስከዚያ ድረስ ግን ያማረውን ግማሽ ብቻ የሚያወራ ሰው፣ ሰሚው በዚያ ግማሽ ላይ እግሩን ሊጥል እንደሚችል ማወቅ አለበት። እኔ ይሄን ለማወቅ የእናቴን እግር ማየት አስፈለገኝ።

«የጤና ጣቢያ ካርድሽን የት አደረግነው?» ብዬ ተነሳሁ። መሳቢያውን ከፈትኩ፤ የመብራት ደረሰኞች፣ የድሮ ፎቶዎች፣ ካርዱ የለም።

«አትፈልግ» አለች። መቀነቷን ፈታ አድርጋ፣ አራት ቦታ የታጠፈ ካርድ አወጣች። ሙሉ ሳምንት እዚያ ነበር ማለት ነው። ዓይኔን አየት አደረገችና ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ ጣለች።

«ቅጠል እንዳደረግኩበት ለነርሷ እነግራታለሁ» አለች። «አልደብቃትም። ስለ ኤቢቻ የምታውቀው ካለ ታስረዳኛለች፤ ካላወቀች ደግሞ እኔ እነግራታለሁ፤ ትጽፈዋለች።»

«ጠብቂኝ፣ አብረን እንሄዳለን። መሥሪያ ቤት ደውዬ ላስፈቅድ።»

«እየደወልክ ተከተለኝ። እኔ ደረጃውን ቀስ እያልኩ ልጀምረው።»

ስልኬን ከቦርሳዬ እስካወጣ አልጠበቀችም። ግድግዳውን ደገፍ እያለች፣ እያነከሰች ወጣች፤ በሩም ከኋላዋ ተዘጋ።